ጨው አነሰው

ሙሉጎጃም ባሏን ቢያድግልኝን በቀበረች በሳልስቱ፣ እንደ ዘመኑ ሐዘንተኛ ሁሉ፣ ድምፁን የያዘች የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ብረት ከእጅ አንጓዋ ቆዳ ሥር አስገባች። ቢያድግልኝ በየምሳው ሰዓት ከዚያች ብረት ውስጥ "ሙሌ፣ ጨው አነሰው" ይላታል፤ እሷም ትጨምራለች።

በስድስተኛው ወር ቆዳዋ ብረቷን አልቀበልም አለ። አንጓዋ ቀልቶ አበጠ፤ ያሳክካት፣ ውኃም ይቋጥር ጀመር።

ነርስ የሆነችው የባሏ እኅት እናኑ ልታወጣላት ቤቷ ድረስ መጣች። ምሳ ቀርቦላት አንድ ጊዜ እንደጎረሰች ፊቷን አጨማደደች።

"አንቺ ሴትዮ! ወንድሜ ይህን ወጥ በልቶ ቢሆን ገና ድሮ በሞተ።"

"እሱ ነው ጨምሪ የሚለኝ።"

"እሱማ ሳይቀምስም ይለው ነበር። በይ እጅሽን አምጪ፤ ቁስሉ ክንድሽን ሳይጨርሰው።"

ሙሉጎጃም አንጓዋን አቀፈች። "ከወጣች እኮ ድምፁ አብሮ ይጠፋል።"

"ይጠፋል" አለች እናኑ። አልዋሸቻትም።

እውነትም ሳይቀምስ ነበር የሚለው። ሙሉጎጃም ሳቋ መጣ፤ እየሳቀች እጇን ዘረጋች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ጭር አለ። ወጡን ቀመሰች። እጇ ወደ ጨው ዕቃው ሄደና ከመንገድ ተመለሰ።

"አላነሰውም፣ ቢያድግልኝ" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ እንጀራዋንም ቆረሰች።