አንቱታ

የገዢው ኩባንያ መሐንዲስ እሷና ታላቅ ወንድሟ የሠሩትን የእህል ማድረቂያ ማሽን መታ መታ አድርጎ፣ «ሳያሳርር እንዴት ነው የሚያደርቀው?» አለ፣ እንደ ዋዛ። ቴክኖሎጂውን የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጠው ውል ገና አልተፈረመም። ወንድሟ ደግሞ ሥራውን ካደነቁለት አፉ አያርፍም፤ «እሱማ ቀላል ነው» ብሎ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ሰደደ። እግሩን ረገጠችው። አልገባውም።

«ዝም በል አንተ» አለችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ፣ አንቱ ስትለው የኖረችውን ወንድሟን።

መሐንዲሱ ሳቀ። «ካልገዛን አይነገረንም ማለት ነው» ብሎ ፈረመ። እሷም ፈረመችና ብዕሩን ለወንድሟ ዘረጋችለት፤ ያለ እሱ ፊርማ ውሉ አይጸናም። እሱ እጁን ከክዳኑ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ ይፈርሙ እንጂ።»

«ምነው እመቤቴ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «እርስዎ ከፈረሙ መች አነሰ።»