ፊት የሚያጨልመው ስልክ

በዛብሽ ሞጣ ከተማ ከአንድ ስልክ ቤት ቆማ ሁለቱን ስልኮች እንደ እባብ ፈርታ ታያቸዋለች።

«ይሄኛው ባትሪው ቶሎ ያልቃል እንጂ ፊት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ እማማ። ያኛው ባትሪው ይቆያል፤ ፊት ግን ያጨልማል» አለ ባለሱቁ።

«የሚያጨልመውን አምጣ።»

«ኧረ ሰው ሁሉ የሚመርጠው ጥራቱን ነው!»

«አንተን ምን ጥልቅ አረገህ? አምጣ አልሁህ!»

ፊት የሚያሳይ ስልክ ግዢ ያለቻት ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራው ልጇ ናት፤ አባትና እናቷን በዓይኗ ልታይ። አባቷ ግን ሞቶ ተዝካሩ ወጥቷል። ዘመድ አጠገቧ ለሌላት ልጅ መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ከፎቅ ብትወረወርስ? በዛብሽ ጥቁር ልብሷን በነጭ ነጠላ ሸፈነችው።

ባለሱቁ ስልኩን ሊሞክር በሰጠችው የልጇ ቁጥር በኢሞ ደወለ። ልጅቱ ብቅ ብላ ሳቀች።

«እማ፣ ጨለምሽብኝ እኮ! በይ አባባን አሳይኝ።»

ጥቁሩን መደበቅ እንጂ ይህን አላሰበችም። ስልኩን ወደ በሩ አዞረችው።

«ወጣ ብሏል።»

ልጅቱ ሳቋን አቆመች።

«በደወልሁ ቁጥር ወጣ ብሏል። እማ፣ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?»