አስተማማኝ ቁልፍ

ሽብሩ ዲላ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የተማሪዎችን አቤቱታ ይቀበላል። ሰኞ ጠዋት ፍሬ የምትባል ከገደብ የመጣች ተማሪ ቢሮው ገብታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ውጤትሽን ላስተካክልልሽ» እያለ አልጋ ቤት የሚጠራት መምህር የላከላት መልእክትና ድምፅ ሁሉ እዚያ ነበር።

ሽብሩ ጥቂት መስመር አንብቦ ፊቱን አጨማደደ። ተነስቶ በመስኮት ተፋ።

«ቆሻሻ» አለ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ እናቴ ከሰማች ትሞታለች። ሰው እጅ እንዳይገባ።»

«ማንም አያየውም፤ ቆልፌ ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ብቻ እከፍተዋለሁ። አንቺ ጋ ግን አይቀመጥ፤ ስልክ ይሰረቃል።»

ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ከስልኳ አጠፋላት። አመስግናው ወጣች።

ከሰዓት ባጃጅ ይዞ ጋዲሳ ኮምፒውተር ጥገና ሄደ። ጋዲሳ ሳምቡሳ ይበላ ነበር። በዚያው ቅባታም ጣቱ ላፕቶፑን ሲነካካ ሽብሩ ፊቱን አዞረ።

«ፋይል መቆለፍ ነበር የፈለግሁት።»

«ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚቆልፉ አሉ» አለ ጋዲሳ እያላመጠ። «ግን ፋይልዎን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ይሄ ፕሮግራም ይሻላል፤ እዚሁ ኮምፒውተርዎ ላይ ነው የሚሠራው። የይለፍ ቃሉን ብቻ ረጅም ያድርጉት።»

«ቢረሳስ?»

«አለቀ። እኔም አልከፍተውም፣ የሠሩትም አይከፍቱትም።»

«እሱን ጫንልኝ።»

ጋዲሳ ፍላሹን ሰክቶ ጭኖ ሲጨርስ ዓይኑ የፍሬ ስም ያለበት ፎልደር ላይ ቀረ።

«የኮሌጅ ልጅ ናት?» ብሎ ፈገግ አለ። «አንድ ኮፒ እኔ ጋ ላስቀምጥልዎ? ድንገት ቢያስፈልግ።»

ሽብሩ ፍላሹን ነቅሎ ላፕቶፑን ነጠቀው።

«የሰው ገበና መቸብቸብ ለምደሃል» አለው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ማየት ራሱ ያስጠላል።

ቢሮው ተመልሶ በሩን ዘጋ። የላፕቶፑን ቁልፎች አንድ በአንድ በሶፍት ወለወለ። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ሲጠይቀው ረጅም፣ የተዘበራረቀ ፊደል አስገባ። የትም አልጻፈውም። ያልተቆለፈውን ፋይል አጥፍቶ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገ።

ፍሬ ደወለች።

«ተቆለፈ፣ ጋሼ?»

«ተቆልፏል። አንድ ባለጌ ዓይኑን ሊጥልበት ነበር፤ አስጥያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ኮሚቴው ፊት እከፍተዋለሁ ብለው የለ? ያኔ መምህሩ ያፍራል።»

«በይ፣ ነገ እንገናኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ መምህሩ፣ ወደ ታናሽ ወንድሙ ደወለና «ነገ ደረትህን ነፍተህ ና፤ ምንም የላትም» አለው።