ሳንጃን ሰጠሁዎ

«እንቆቅልሽ» እላለሁ።

«ምን አውቅልህ» ይላል ክፍሉ ባንድ አፍ።

ዛሬ ሁለተኛ ክፍሎች ጋ ተረት የማወራው እኔ ነኝ። ከተኩስ ሸሽተው ስለመጡ ልጆች በሰጡን ስልጠና ላይ ተረት የተጨነቀ ልጅን ያፍታታል ብለውናል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ በእንቆቅልሽ ነው የማሟሙቃቸው። ዓይኔ ግን መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው አበቡ ላይ ነው። ተኩሱ ሲበዛ ከእናቷ ጋር ከሳንጃ ወጥታ፣ አሁን እዚሁ ከተማ አራዳ ሰፈር አክስቷ ቤት ናት። እዚህ ክፍል ከገባች ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ባትለፋ ይሻልሃል፣ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል» ብላኛለች አስተማሪያቸው እታገኘሁ። እኔ ግን ሳላናግራት አልወጣም።

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፣ ዱካ የለውም። አበቡ፣ ምንድን ነው?»

ደብተሯ ላይ ታቀረቅራለች።

«ውሃ ነዋ ቲቸር» ይላል ቢሻው ከኋላ። «የቀሐን ወንዝ አይታ አታውቅም እንዴ።» ልጆቹ ይስቃሉ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? አበቡ፣ አላወቅሽም። በይ አገር ስጪኝ።»

ጨዋታው እንደዚያ ነው፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ የተሰጠው ሄዶ ይነግሥበታል። እስካሁን ደባርቅን ሰጥተውኛል፣ አንዱ እንዲያውም ዱባይን።

አበቡ ቀና ትላለች። «ሳንጃን ሰጠሁዎ።»

ተናገረች። እታገኘሁን አያታለሁ፤ አፏን በእጇ ይዛለች። በቃ፣ በደስታ ልበር ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘልዬ እወጣለሁ።

«ሳንጃ ገብቼ፣ ሰሊጡን በማኪና አስጭኜ፣ ሰንጋ ጥዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እልል ብሎ ተቀብሎኝ...»

ክፍሉ በሳቅ ይንጫጫል። አበቡ አትስቅም።

«አባዬን አዩት?»

«እ?»

«አባዬን። ከብቶቹን ላስገባ ብሎ ቀርቶ ነው። ቤታችን ከወፍጮው ጀርባ ነው።»

ሳቁ ይቆማል። ስልጠናው ላይ ይሄ አልነበረም። ቀስ ብዬ ከጠረጴዛው እወርዳለሁ።

«አበቡዬ፣ በቃ ሳንጃን መልሼልሻለሁ።»

«ቲቸር፣ የተሰጠ አገር አይመለስም» ይላል ቢሻው። እሱ እንኳን አሁን አይስቅም።

አበቡም ራሷን ትነቀንቃለች። «ሰጠሁ እኮ። የእርስዎ ነው።»

ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ተረቱን ልጀምር አፌን ስከፍት፣ ሳታየኝ ትናገራለች።

«ሲመለሱ የቤታችንን በር ይዝጉት። ከፍተነው ነው የወጣነው።»