ልሙትልሽ

ርእሰ መምህሩ ባልና ሚስቱን አስጠርተው ልጃቸው አንዱን የክፍሏን ልጅ «ግንባርህን ነው የምልህ!» ብላ እንደዛተችበት ሲነግሯቸው፣ እናትየዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

«የተኩስ ጌም ነው ያስተማራት» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ወላጅ ልጁ ምን እንደምትጫወት፣ ከማን ጋር እንደምትጫወት ማወቅ አለበት።»

እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው። ቤት እንደገባች ጌም ማጫወቻውን ከነገመዱ ነቅላ ዕቃ ቤት ወረወረችው። ልጅቷ አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ ከዚያ ለቀቃት። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ኮምፒውተር አለ ብላ አክስቷ ቤት ማጥናት ጀመረች። እናትየዋም እፎይ አለች።

ብዙ አልቆየም። ሰዓት ሠሪው ባሏ ሱቁን በጊዜ እየዘጋ መጥቶ ዕቃ ቤት መግባት አበዛ።

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ልጃችንን ያበላሸውን ነገር ልየው እንጂ። ኃላፊነት የለብኝም እንዴ?»

ኃላፊነቱ ጣመው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሲገባ እስከ እራት አይወጣም። እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ ስትሰፋ፣ የስፌት መኪናዋን ባቆመች ቁጥር ድምፁ በበሩ ሥር ይመጣል። «በግራ ነው፣ በግራ!» ይላል። አንድ ቀን ግን እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«አንቺ ውጪ፣ ጥይቴ! እኔ ልሙትልሽ!»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። ልሙትልሽ? ይህ ሰው ከተጋቡ ወዲህ እንኳን ሊሞትላት፣ ቆሻሻ አውጥቶላት አያውቅም። ደግሞ ሳቀ። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ሲያጫት የነበረ የእሷ ሳቅ ነው፤ ለሌላ ተሰጠ።

እራት ላይ አላስቻላትም።

«ጥይቴ ማናት?»

ባሏ በጎረሰው ላይ ሌላ ጉርሻ ጨመረ። ልጅቷን ውኃ ትን አላት። እናትየዋ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት፤ ምስኪን ልጅ፣ የአባቷን ጉድ መስማት አልነበረባትም።

«ጌሙ ላይ ያለች ሰው ናት» አለ በመጨረሻ።

«ሰው?»

«ሰው ናታ።»

በማግስቱ የባሏ እህት ዘንድ ሄደች። «ወንድምሽ ሴት ይዟል» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

«የእኔ ወንድም?» ብላ ሳቀች እህትየው። «ሰዓቱን ትቶ ሴት ይይዛል? ደግሞ ቀስ በይ፣ ልጅቷ ውስጥ እያጠናች ነው።»

እህት ለወንድሟ ካልተከላከለች ለማን ትከላከል! ልብስ ሰፊዋ ሻይም ሳትጠጣ ተመለሰች።

ይባስ ብሎ፣ ሌላ ቀን በበሩ ሥር፦ «ጥይቴ ዛሬ አትገባም፤ ነገ ፈተና አላት» ሲል ሰማችው።

ተማሪ! ያውም ለጋ! መስታወቱ ፊት ቆመች። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ወገቧ ላይ አዞረችው፤ መልሳ ሳታነበው ጣለችው። እሷ ለሰው ቀሚስ ስታሳጥር፣ እሱ በልጅ ዕድሜ ካለች ጋር ይቀብጣል።

ፈተናው ሳያልፍ አልቀረም። በሚቀጥለው ቀን ሰዓት ሠሪው እየሮጠ መጣ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ወዲያው «የኔ አንበሳ፣ ናፈቅሽኝ እኮ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። በሩን በረገደችው። ባሏ የተያዘ ሌባ መስሎ ብድግ አለ፤ ማይኩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ቆይ፣ እኔ ላስረዳሽ…»

«አንተ ምንም አታስረዳኝም። እሷ ታስረዳኝ!»

ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቃ የራሷ ላይ ደፋችው። የምትለውን ስትሰፋ ስትተረትር ሰንብታለች፦ ሚስት እንዳለችው፣ ልጅ እንዳለችው፣ ቤት ማፍረስ ነውር እንደሆነ። አፏን ከፈተች።

«አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ? እማዬ መጣችብህ እንዴ?»