ከንፈር የማይመጠጥበት ክፍል

እንቅልፍ ያጡት ወይዘሮ ሙንተሃ፣ በሚሊኒየሙ ዓመት መናኸሪያ አካባቢ በተከፈተችው ጠባብ የምክር ክፍል፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንዴ ወደ አንደኛው አማካሪ፣ አንዴ ወደ ሌላው ይዞሩ ነበር። ሰይፈሚካኤል "ችግሩ ያለው ልጅነትዎ ውስጥ ነው፤ ጋደም ብለው ስለ አባትዎ ይንገሩኝ" አላቸው። ጠሀ ደግሞ "ኧረ ቀጥ ብለው ይቀመጡ እናቴ! ልጅነትን ምን አመጣው? እንቅልፍ ልማድ ነው፤ እሱን ነው የምንቀይረው" አለ። ሁለቱ የሚስማሙበት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ባለሙያ ታካሚ ፊት ከንፈሩን አይመጥም።

"ልጆቼ" አሉ ወይዘሮ ሙንተሃ የሻሻቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ፣ "ባሌን አታንኮራፋ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ስነዘንዘው ኖርኩ። እሱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።"

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"እሰይ! እንዲህ በሉልኝ እንጂ" አሉና ሴትዮዋ እፎይ ብለው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ግማሽ ተቀምጠው፣ ግማሽ ተጋድመው ማንኮራፋት ጀመሩ።

"አየህ፣ ተቀምጠው ነው የዳኑት" አለ ጠሀ በሹክሹክታ።

"ተጋድመው ነው እንጂ!" አለ ሰይፈሚካኤል። "ደግሞስ መጀመሪያ ከንፈሩን የመጠጠው ማን ሆነና?"