የድንኳኑ ተቀባይ

የእድራችንን ድንኳን በመኪና የማደርሰው እኔ ነኝ። ድሮ ጥሩምባ ሲነፋ ነበር የምንነሳው፤ አሁን በኪሴ የምይዘው መንገድ አውጪ ማሽን ሰው ሳይሞት ቀድሞ አድራሻውን ይሰጠኛል። ተሳስቶ አያውቅም። ከአድራሻው ሥር የተቀባዩን ስም ይጽፋል፤ ተቀባዩ ሁልጊዜ ሐዘንተኛው ነው፣ በሕይወት የሚቀረው።

ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው አድራሻ የራሴ ቤት ሆነ። በቤቱ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብርነሽ ብቻ ነን። «ተቀባይ፦ በርጋ» ይላል። በርጋ እኔ ነኝ። «አቤቱ ማረን» እያልኩ በራችን ላይ ቆምኩ።

ብርነሽ ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጣች ነበር።

«ምነው፣ ምሳ ሳይደርስ ራበህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ወዲያው ድንኳኑን አየችው። «ለእኛ ነው?»

«አድራሻው ተሳስቶ ይሆናል።»

«መቼ ተሳስቶ ያውቃል? ተቀባዩ ማነው?»

የማሽኑን ስክሪን በመዳፌ ሸፈንኩት። በሠላሳ ዓመት ትዳር ዋሽቻት አላውቅም።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

በርበሬው ከእጇ ተበተነ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ጌታዬ፣ የእሱን ሞት ለእኔ አድርገው!» እያለች መለመን ጀመረች።

እኔም በሆዴ፣ «አትስማት፣ አትስማት» እያልኩ ለመንኩ።